ችግኝ፣ ውርጭና የጠዋት ፀሐይ

ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሲያስቡ ካስጨነቃቸው ነገር አንዱ ማገዶ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ፣ ከእንጦጦ እስከ የካና ኮተቤ የተዘረጋው ጋራ ጽዱንና ወይራውን ለምድጃና ለቤት ሥራ አስረክቦ ተራቁቶ ነበር። መፍትሔ የሆነውን የባሕር ዛፍ ዘር በ1887 ዓ.ም. ገደማ ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው የሚለው ትረካ የተለመደ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ ዛፉ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ከተማዋም ሳትነቀል ቀረች።

ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሡት ንጉሡንና ዛፉን ነው፤ ችግኙን ያሳደጉት ሰዎች ግን እምብዛም አይወሱም። የእነሱ ሥራ ግን ቀላል አልነበረም።

በእንጦጦ የሰፋው ነጭ ባሕር ዛፍ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያና ታዝማኒያ ነው። ፈረንሳዊው ላቢያርዲየር እ.ኤ.አ. በ1792 ታዝማኒያ ላይ አግኝቶት በ1800 ሳይንሳዊ ስሙን አወጣለት። ይህ የባሕር ጠረፍ ዛፍ እንጦጦ ላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በቀለ። እዚያ አየሩ ስስ፣ ብርሃኑ ብርቱ ነው፤ በበጋ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋቱ ያለ ደመና ይነጋል።

ለጨቅላ ቅጠል ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም በብርድም ብርሃኑን መቀበሉን አይተውም፤ ብርሃኑን ወደ ምግብ የሚለውጡት ኢንዛይሞች ግን ብርድ አደንዝዟቸዋል። የተረፈው ኃይል ጎጂ ኦክስጅን ይፈጥራል፣ ክሎሮፊሉን የያዘውን የክሎሮፕላስት የብርሃን ማዕከልም ይሰብራል። ተክሉም ዝም አይልም፦ ካሮቲኖይድ የተባሉ ቀለሞች ትርፉን በሙቀት መልክ ይበትናሉ፤ ቅጠሉም አንቶሳያኒን የተባለውን ቀይ ቀለም አብዝቶ ብርሃኑን በከፊል ይጋርዳል። ውርጭ ያገኘው ችግኝ ቀልቶ ሲታይ ታመመ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ራሱን እየተከላከለ ነው።

ታዝማኒያ ውስጥ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ በዚያው ዝርያ ችግኞች ላይ ለክተውታል። በቀዝቃዛ ወራት ያለ ጥላ የቆመው ችግኝ ብርሃንን የመጠቀም አቅሙ ይቀንሳል፣ ቀይ ቀለሙም ይጨምራል፤ የጥላ መረብ የተደረገለት ግን ጉዳቱ ይቀልለታል።

ጉዳቱ በክሎሮፕላስቱ ላይ ብቻ አያበቃም። በጀርመኗ ፍራይቡርግ የሃንስ ሞር የምርምር ቡድን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰናፍጭ ችግኞችን ካሮቲኖይድ እንዳይሠሩ በመድኃኒት ከልክሎ ከብርቱ ብርሃን ፊት አኖራቸው። ክሎሮፕላስቶቹ ወደሙ። የሚያስገርመው፣ ክሎሮፊልን የሚይዙትን ፕሮቲኖች የሚያሠሩት ጂኖች ያሉት በክሎሮፕላስት ውስጥ ሳይሆን በሕዋሱ ኒውክለስ ነው፤ እነርሱም ሥራ አቆሙ። ክሎሮፕላስቱ ሲጎዳ ወደ ኒውክለስ የሚደርስ መልእክት እንዳለ ያሳዩት እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ናቸው።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ሳይሰማ መፍትሔውን ያውቀዋል። በመደቡ ላይ እንጨት ያቆምና በሳር ይከድነዋል። የመትከያው ጊዜ ሲቃረብ ጥላውን ቀስ በቀስ ያሳሳል፤ በአንድ ቀን ቢገፍፈው ግን ጥላ የለመደው ቅጠል ይቃጠላል። ውኃውንም እንዲሁ ይቀንሳል፤ ችግኙ ይጠነክር ዘንድ። ተከላው ሐምሌ ላይ የሚሆነው ለዝናቡ ሲባል ነው ቢባልም፣ ደመናው የፀሐዩን ብርታት ማለዘቡ እምብዛም አይነገርለትም። ችግኙ ከኅዳር ውርጭ በፊት ሥር የሚሰድድባቸው ወራት አሉት።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በእንጦጦ ላይ አገር በቀል ዛፎችን የመመለስ ሥራ ሲጀመር የችግኝ ጣቢያው ፈተና ወደ እነርሱ ዞረ። ጽድ ከባሕር ዛፍ ይልቅ አዝጋሚ ነው፤ በጣቢያ የሚቆየውም ረዘም ላለ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ መናገሻ ሱባ ደን የታተመ ጥናት፣ ሰው በተከላቸው ደኖች፣ በባሕር ዛፍም ጭምር፣ ሥር አገር በቀል ዝርያዎች በራሳቸው ሲበቅሉ አግኝቷል።