ብቻውን የቀረ ዝግባ

በሐዋሳ አሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ሐይቁ ላይ ነው፤ የሐይቁ ዕጣ ግን ከምሥራቅ፣ ከወንዶ ገነት ተራሮች ጫካ ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚያ የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ገብተው በጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ይፈሳሉ፤ የሐዋሳ ሐይቅም ከጥቁር ውሃ በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ የለውም። ጨለለቃም ቢሆን ትናንት ሐይቅ ነበር፣ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆኗል። የዚያን ተራራ አፈር በሥሩ ይዘው ከኖሩት ታላላቅ ዛፎች አንዱ ዝግባ ነው። ከመጥረቢያ ማዳን ብቻውን ዝግባን አያድነውም እላለሁ፤ ምክንያቱ ደግሞ የዘር አፈጣጠሩ ነው።

በዝግባ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። የሩቅ ዘመዶቹ፣ ዘንባባ መሰሎቹ ሳይካዶችም እንዲሁ ናቸው፤ የእነርሱ ታሪክ ሊያስደነግጠን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1895 የዕጽዋት ተመራማሪው ጆን ሜድሊ ውድ በደቡብ አፍሪካ ናታል፣ በኦንጎዬ ደን ዳርቻ፣ ከአንድ ሥር የበቀለ ሳይካድ አገኘ። ወንድ ነበር። ከቡቃያዎቹ አንዱ በ1899 ለንደን ኪው የዕጽዋት ማቆያ ደረሰ፤ በ1916 ደግሞ በዱር የቀረው የመጨረሻው ግንድ ተነቅሎ ወደ ፕሪቶሪያ ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሴቷ ተፈልጋ አልተገኘችም። ዛሬ በየአገሩ የዕጽዋት ማቆያ ያለው ሁሉ የዚያ የአንዱ ወንድ ክፋይ ነው። ተክሉ በሕይወት አለ፤ ዘሩ ግን አብቅቷል።

የእኛም ሕግ ዝግባን አልረሳም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዝግባን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። መልካም ሕግ ነበር፤ ሆኖም የሚጠብቀው የቆመውን ግንድ ነበር። የወንዱ ብናኝ በነፋስ ካልደረሳት ሴቷ የሚበቅል ዘር አትሰጥም። ዝግባ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ስላለ ምን ያሳስባል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በዓለም ደረጃ ሊጠፋ አልተቃረበም፤ የኬንያ ዝግባ ግን የወንዶ ገነትን ዳገት አይዝም። በየደብሩ ቅጽር አለ የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል። አብያተ ክርስቲያናት ያቆዩልን ውለታ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከብት የሚገባበት ቅጽር ሽማግሌ ዛፍ እንጂ ችግኝ አይኖረውም። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ጫካቸውን በድንጋይ ካብ ማጠራቸውም ለዚሁ ነው። ባሕር ዛፍ ለድሃው ማገዶ ይሁን፣ አልቃወምም፤ እንዲያውም በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን በተተከሉ የውጭ ዛፎች ጥላ ሥር ዝግባ ራሱ በቅሏል። የበቀለው ግን ዘር የሚጥል የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያው ስላለ ነው።

ስለዚህ በአረንጓዴ አሻራ ዝግባ የምትተክሉ ሁሉ፣ አንድ ችግኝ ለግቢ ጌጥ ተክላችሁ አትለፉ። ችግኝ ሳለ ወንድና ሴቱ አይለይምና በርከት አድርጋችሁ ባንድነት ትከሉ፣ ከከብትም እጠሩ።