የካንዴሌታ ታሪክ፦ የናፍጣ አውቶሞቢል ማስነሻ ማሞቂያ አመጣጥና ብልሽቱን የመለየት ሙያ

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር በዋናነት የሚለየው ነዳጁን በብልጭታ የማያቀጣጥል በመሆኑ ነው። ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣውም በዚሁ የጋለ አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1892 የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያቀረበበትና በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሙከራ ያረጋገጠው ሐሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ የሚሠራው ግን በእመቃ የተገኘው ሙቀት በቀዝቃዛው ብረት ተመጦ ካላለቀ ብቻ ነው። ሞተሩ እያነሰ በሄደ መጠን የሲሊንደሩ ግድግዳ ከያዘው አየር አንጻር እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ትንሽ ሞተር ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። አውቶሞቢል ደግሞ ትንሽ ሞተር ይፈልጋል።

ችግሩ ከዲዝልም በፊት የታወቀ ነበር። እንግሊዛዊው ኸርበርት አክሮይድ ስቱዋርት በ1890 መብት ባስመዘገበበት ሞተር ላይ ሠራተኛው የሞተሩን ራስ በእሳት መንፊያ ለብዙ ደቂቃ ካላጋለ በስተቀር ሞተሩ አይነሣም ነበር። በ1909 የቤንስ ኩባንያ መሐንዲስ ፕሮስፐር ሎራንጅ ናፍጣው አስቀድሞ የሚረጭበትን ጠባብ ክፍል በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ክፍሉ የሞተሩን ጩኸት ቀነሰ፤ ነዳጁም በመጠነኛ ግፊት እንዲረጭ አስቻለ። ይሁን እንጂ ሞተሩ ሳይሞቅ የክፍሉ ግድግዳ የአየሩን ሙቀት ስለሚመጥ፣ በውስጡ በኮረንቲ የሚግል ሽቦ ማስገባት ግድ ሆነ። ጣሊያኖች ካንዴሌታ፣ ማለትም ትንሿ ካንዴላ፣ የሚሉት ዕቃ ይኸው ነው። ስሙ ካንዴላን ስለሚያስታውስ ሁለቱ ይምታታሉ እንጂ፣ ካንዴላ ሞተሩ እስኪጠፋ ሲሠራ ካንዴሌታ በማስነሻ ሰዓት ብቻ የሚፈለግ ዕቃ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖሯል።

በ1936 በርሊን ላይ ለሕዝብ የታየው መርሴዲስ 260 ዲ፣ አራት ሲሊንደርና 45 የፈረስ ጉልበት የነበረው፣ በዚሁ ዘዴ የሚነሣ መኪና ነበር። እስከ 1940 ድረስ የተሠሩት ከ2,000 ያነሱ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በታክሲነት አገልግለዋል። የካንዴሌታ ሙያ በእርግጥ የሰፋው ግን ከጦርነቱ በኋላ፣ በ170 ዲ እና እርሱን በተከተሉት ሞዴሎች ዘመን ነው። በእነዚህ መኪናዎች አራቱ ካንዴሌታዎች በተከታታይ የተያያዙ ነበሩ። ሽቦአቸው ወፍራምና ራቁቱን የሆነ፣ እያንዳንዱም ከ1 እስከ 2 ቮልት ገደማ ብቻ የሚደርሰው ነው። በዚያው መሥመር ላይ አንድ ትንሽ ጥቅል ሽቦ በሾፌሩ ፊት ተተክሎ አብሮ ይቀላ ነበር። ይህች ሽቦ ከኋለኞቹ መብራቶች ሁሉ ይልቅ እውነተኛ መርማሪ ነበረች ማለት ይቻላል። ጭራሽ ካልቀላች ከካንዴሌታዎቹ አንዱ ተበጥሷል፤ ከወትሮው ፈጥና እጅግ ከደመቀች ደግሞ አንዱ ከብረት ጋር ተነካክቷል። መካኒኩም የእያንዳንዱን ካንዴሌታ ሁለት ጫፎች በተራ በጠመንጃ መፍቻ ያገናኝ ነበር፤ የተበጠሰው ላይ ሲደርስ ሽቦዋ ስለምትቀላ በሽታው ወዲያው ይታወቃል።

በ1980 አካባቢ መርሴዲስም እንደ ሌሎቹ ወደ እርሳስ መሰል ካንዴሌታ ተሻገረ። የሚግለው ሽቦ በብረት ሽፋን ውስጥ ተቀበረ፤ አያያዙም ጎን ለጎን ሆኖ እያንዳንዱ የባትሪውን ሙሉ ኃይል ያህል ማግኘት ጀመረ። የማጋያ ጊዜው ወደ ጥቂት ሰከንዶች ወረደ። በዚህ ጊዜ የቀድሞው የጠመንጃ መፍቻ ዘዴ አደገኛ ሆነ፤ ምክንያቱም የአዲሱን ካንዴሌታ ጫፍ ከሞተሩ አካል ጋር ማገናኘት ባትሪውን በቀጥታ ማጋጨት ነው፤ ባለ 80 አምፔሩን ፊውዝም ያቀልጣል። የብልሽቱ ጠባይም ተለወጠ። አንዱ ቢሞት ሞተሩ በቀሩት ይነሣል፤ ነገር ግን እየተንቀጠቀጠ፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ እያወጣ ይቆይና ሲሞቅ ይስተካከላል። ባለቤቱም ስለሚስተካከል ቸል ይለዋል።

በደጋ አገር ይህ ቸልተኝነት ዋጋ ያስከፍላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል በመሆኑ፣ እመቃው በዚያው ልክ ይደክማል፤ የጥዋቱ ብርድ ሲጨመርበት የካንዴሌታ ጉድለት ፈጥኖ ይገለጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአየር ማስገቢያው ኤተር መንፋት ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ነው። ኤተሩ የጋለ ካንዴሌታ ሲያገኝ ፒስተኑ ከመድረሱ በፊት ስለሚፈነዳ ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

ለእርሳስ መሰሉ ካንዴሌታ ትክክለኛው ምርመራ ሽቦውን ከፈቱ በኋላ በኦም መለኪያ መለካት ነው። ደኅናው ብዙውን ጊዜ ከ1 ኦም በታች ያሳያል፤ የተበጠሰው ምንም አያሳልፍም። አራቱም ደኅና ሆነው ካልጋሉ ጥፋቱ በፊውዙ ወይም በሬሌው በኩል ነው። አምፔር መለኪያ ያለው መካኒክ በበለጠ ይተማመናል፤ የደከመው ካንዴሌታ ከጓደኞቹ ያነሰ ኮረንቲ ሲስብ ይይዘዋልና። የወጣውን ካንዴሌታ ጫፍ ሳይመለከቱ መጣል ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ጫፉ የቀለጠ ወይም የተበላ ከሆነ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ያለጊዜው የሚረጭ ፓምፕ እንዳለ ይጠቁማል፤ ያ ሳይታረም የገባ አዲስ ካንዴሌታ በቅርብ ጊዜ ይቃጠላል፤ ቀጥሎም ተራው የፒስተኑ ሊሆን ይችላል።

ፊያት ክሮማ በ1988፣ አውዲ 100 በ1989 ናፍጣን በቀጥታ በሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ይዘው ከወጡ በኋላ ጠባቡ ክፍል ከአውቶሞቢል ቀስ በቀስ ጠፋ። ካንዴሌታው ግን አልጠፋም፤ ጭስና ጩኸት ለመቀነስ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም እንዲግል ተደረገ። ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ከ12 ቮልት በታች የሚሠሩ ስለሆኑ በባትሪ በቀጥታ መሞከር ያቃጥላቸዋል። ሸክላ መሰል ጫፍ ያላቸው ደግሞ መሬት ከወደቁ፣ ስንጥቁ ባይታይ እንኳ፣ መግጠም አይገባም። ቀጭንና ረጅም በመሆናቸው በጥላሸት ተይዘው ቴስታታው ውስጥ ይሰበራሉ። ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ ሳለ፣ የጥብቀት መለኪያ ባለው መፍቻ ቀስ ተብሎ ይፈታሉ። አምራቹ ከወሰነው ኃይል በላይ ከጠየቁ ሥራው ይቆምና ሰርጎ ገብ ዘይት ተደርጎባቸው ይጠበቃሉ፤ ከተሰበሩ ብዙውን ጊዜ ቴስታታውን ማውረድ ይከተላልና።