የጋፋት የጥበበ እድ ትምህርት ቤትና የነፍጥ ሠሪነት ሙያ

ነፍጥ በኢትዮጵያ ጦር ሜዳ ኃይሉ ጎልቶ የታየው በ16ኛው ምዕት ዓመት ነው። በግራኝ አሕመድ ወገን የቱርክ ነፍጠኞች ነበሩ፤ በ1541 እ.ኤ.አ. ደግሞ በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ለክርስቲያኑ መንግሥት ርዳታ መጡ። ከዚያ አንሥቶ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የአገራችን ሰው ነፍጥን ሲገዛ፣ ሲሸለምና ሲማርክ ኖረ፤ መሥራቱ ግን የባሕር ማዶ ሰው ሙያ ሆኖ ቆየ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ይህን ሙያ በኢትዮጵያ ምድር በትምህርት ለመትከል አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያደረጉትን ሙከራና ያጋጠመውን ዕንቅፋት ነው።

አስቀድሞ፣ ከጋፋት በፊት በአገር ውስጥ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ከሰሉን፣ ድኙንና የባሩዱን ጨው ወቅጦና መጥኖ ባሩድ የሚያዘጋጅ ሰው አይጠፋም ነበር። እርሳስ አቅልጦ ጥይት የሚያፈስ፣ የተሰበረ ሰደፍ በሌላ እንጨት የሚተካም ይገኝ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ በወናፉ፣ በጉጠቱና በመዶሻው ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን ይሠራል። ነገር ግን ጥይት የሚያልፍበትን ረጅም ብረት ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጎ መብሳት፣ የቃታውን ምላስና ዘንግ በልክ አስማምቶ መግጠም፣ ሌላ መሣሪያና ሌላ ሥልጠና የሚፈልግ ሥራ ነው።

ከመሣሪያው እጦት ይልቅ የከበደው ግን የሕዝቡ አስተያየት ነበር። በጎንደር አውራጃ የብረት ሥራ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር፤ በሌላውም አገር ቀጥቃጩ ከባላገሩ ተለይቶ ይኖር ነበር። ባላገሩ ማረሻውን ከቀጥቃጩ እየገዛ ከማዕዱ ይሸሸው፣ ልጁን አይድርለትም፤ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያለም ይፈራው ነበር። ስለዚህ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ዕጣ እንጂ ወጣት በፈቃዱ የሚመርጠው ትምህርት አልነበረም።

አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ፣ በ1848 እ.ኤ.አ. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው የመድፍን ኃይል በሽንፈት አይተዋል። ከነገሡም በኋላ ዋና አሳባቸው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የሚሠራውን እጅ ማግኘት ነበር። ነጋዴ ያመጣው ጠበንጃ ሲሰበር ያልቃል፤ ወደቡም በባዕድ እጅ ነው። ሠሪው በአገር ከተገኘ ግን መሣሪያው አይነጥፍም።

በዚያው ወራት የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ ሽፒትለር በ1840 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካቋቋመው ከቅድስት ክሪሾና የወጡ የእጅ ሙያ ያላቸውን ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ አሰቡ። በ1856 እ.ኤ.አ. ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን መጡ፤ ቆየት ብሎም ዋልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። እነርሱ ወንጌልን ለማስተማር የእጅ ሙያን መግቢያ አደረጉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰባኪነታቸውን የታገሡት የእጅ ሙያቸውን በመሻት ነበር። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት አሰፈሯቸው፤ ከጠበንጃ ሠሪው ከፈረንሳዊው ቡርጎና ከፖላንዱ ተወላጅ ከሞሪትስ ሃል ጋር ሥራቸውን ቀጠሉ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ንባብና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በዚያ ተከፈተ።

ከዚህ ላይ የመምህራኑን ነገር ልብ ማለት ያሻል። ሚስዮናውያኑ መድፍ ማፍሰስ የማያውቁት ሥራ መሆኑን አመለከቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንዲሞክሩ አስገደዷቸው። መጀመሪያ የተደረገው ሙከራ ከሸፈ፤ ከብዙ ድካም በኋላ ተሳካላቸው። እንግዲህ በጋፋት መምህሩና ተማሪው በአንድ ምድጃ ፊት አብረው የተማሩ ነበሩ ማለት ይቻላል።

የሥራው ምርጫም የትምህርቱን መንገድ ወሰነው። ትልቅ መድፍ በጭቃ ቅርጽ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚፈስ ነው፤ ብዙ ነሐስ፣ ብዙ ከሰልና ብዙ ሕዝብ ካለ፣ አንድ ጊዜ ቢሳካ ግርማው ለዘመን ይተርፋል። ጠበንጃ ግን ትንንሽ ክፍሎቹ በሞረድ ተስተካክለው የሚገጣጠሙ፣ ቀን በቀን የሚደጋገም ትዕግሥተኛ ሥራ ነው። በቤልጂግ በሊዬዥ ከተማ የጠበንጃ ብረት እየተፈተነ እንዲሸጥ በ1672 እ.ኤ.አ. ታዝዞ ነበር፤ የጠበንጃ ሠሪዎች ትምህርት ቤት የተከፈተው ግን በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ አገር ትምህርት ቤቱን የወለደው ለብዙ ትውልድ የቆየው ሙያ ነው፤ በጋፋት ግን ትምህርት ቤቱ ሙያውን እንዲወልድ፣ ያውም በጥቂት ዓመት፣ ተጠየቀ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጉድለቱን ሳያውቁት አልቀሩም። በ1866 እ.ኤ.አ. ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለ ሙያዎችና መሣሪያ እንዲመጡላቸው ጠየቁ። የተቀጠሩት ሠራተኞች እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ ነገር ግን የታሰሩት አውሮፓውያን ሳይፈቱ አያልፉም ተብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። መምህር ለማግኘት ያሰሩት እስረኛ የመምህሩን መንገድ ዘጋ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ 70 ኩንታል ያህል የምትመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ኃይል እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 3 ቀን በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሲሆን፣ ከታላላቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች የያዙት ከበስተኋላው የሚጎርሰውን የስናይደር ጠበንጃ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የጋፋት አውሮፓውያንም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ዋልድማየር በሊባኖስ በብሩማና በ1873 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት ሲያቆም፣ የጋፋት ምድጃ ግን ጠፍቶ ቀረ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ትገኛለች።

ከጋፋት በኋላ አርባ ዓመት ያህል አልፎ፣ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያለ የሚሳደበውን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ አወጡ። ይህ አዋጅ የጋፋትን ታሪክ ያብራራልናል። አፄ ቴዎድሮስ በጠበንጃና በመድፍ ሠሪነት ላይ ትጋታቸውን አዋሉ፤ በቀጥቃጩ ላይ የነበረው ንቀት ግን እንዳለ ቆየ። ጉልበት በትእዛዝ ይሰበሰባል፤ ነሐስም በትእዛዝ ይቀልጣል። ወጣቱ በፈቃዱ መርጦ የሚገባበት፣ መምህሩ ቢሄድ ደቀ መዝሙሩ የሚተካበት ሙያ ግን ሠሪው በጎረቤቱ ዘንድ ካልተከበረ አይጸናም። በመቅደላ አምባ የተቀመጠችው ሴባስቶፖል የአንድ ንጉሥ ብርታት ሐውልት ናት፤ ስማቸው ያልተጻፈው የጋፋት ወጣቶች እጅ መታሰቢያም እርስዋው ናት።