የተቀመጠ የዶሜይን መግቢያ

የተቀመጠ የዶሜይን መግቢያ በአንድ መሥሪያ ቤት ዶሜይን ውስጥ የተመዘገበ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ማግኘት ባልቻለ ጊዜ ተጠቃሚውን ለማስገባት በራሱ ዲስክ ላይ የሚይዘው የማረጋገጫ መረጃ ነው። ከቢሮ ውጭ በላፕቶፕ ለሚሠሩ ሰዎች አስፈላጊ ቢሆንም፣ የይለፍ ቃል ሲቀየር ወይም ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ችግር ሊያስከትል ይችላል።

አሠራር

አክቲቭ ዳይሬክተሪ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጋር ያወጣው የተጠቃሚዎች ማውጫ ነው። ተጠቃሚው በቢሮ ኔትወርክ ሲገባ የይለፍ ቃሉን የሚያረጋግጠው ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባለው ሰርቨር ነው። ከተሳካ በኋላ ዊንዶውስ ከይለፍ ቃሉ የተሰላ ሀሽ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጣል፤ የይለፍ ቃሉ ራሱ አይቀመጥም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ስሌቱ 10,240 ጊዜ ይደጋገማል። ይህም ዲስኩን የሰረቀ ሰው የይለፍ ቃሉን በግምት እንዳያገኝ ያዘገየዋል።

ዊንዶውስ በመደበኛ ቅንብሩ የ10 ተጠቃሚዎችን መግቢያ ይይዛል፤ አስተዳዳሪው ከ0 እስከ 50 ሊያደርገው ይችላል። ቁጥሩ የተጠቃሚዎችን ብዛት እንጂ ያለ ሰርቨር ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል አያመለክትም።

የይለፍ ቃል ለውጥና ቪፒኤን

ለምሳሌ ቢሮው ድሬዳዋ ከተማ የሆነ ሠራተኛ ላፕቶፑን ይዞ ጀልዴሳ ሳለ የአይቲ ክፍሉ የይለፍ ቃሉን ቢቀይርለት፣ ላፕቶፑ ለውጡን አያውቅም። አዲሱን የይለፍ ቃል አይቀበልም፤ በአሮጌው ግን ይከፈታል። ሁለቱን ለማስማማት የሚከተለው ይደረጋል፦

1. በአሮጌው የይለፍ ቃል መግባት፤
2. በአዲሱ የይለፍ ቃል ከመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን ጋር መገናኘት፤
3. ቪፒኤኑን ሳያቋርጡ ስክሪኑን መቆለፍና በአዲሱ የይለፍ ቃል መክፈት።

በዚህ ጊዜ ዶሜይን ኮንትሮለሩ አዲሱን ያረጋግጣል፤ የተቀመጠው መረጃም ይታደሳል። አሮጌውን የረሳ ወይም በላፕቶፑ ገብቶ የማያውቅ ሰው ግን ከመግቢያው ገጽ በፊት የሚነሣ ቪፒኤን ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ 10 ይህን ዓይነት ግንኙነት ከ1709 እትም ጀምሮ ይደግፋል። ካልተዘጋጀ ላፕቶፑን ወደ ቢሮ ማምጣት ግድ ይሆናል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ቪፒኤን በሰፊው የሚታወቀው የተዘጉ ድረ ገጾችን ለመክፈቻነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት በተገደቡ ጊዜ ብዙዎች ተጠቅመውበታል። የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ግን ላፕቶፑን ከውስጥ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ነው። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት አይሠሩም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበረው ባለ ጊዜ፣ ከቢሮ ርቆ ያለ ላፕቶፕ የሚከፈተው በተቀመጠው መግቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን 0 ማድረግ ደኅንነትን ቢያጠብቅም በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራ ያስቆማል።

ደኅንነት

የተቀመጠ መግቢያ በራሱ ጊዜ አያበቃም። ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ሰርቨሩ ላይ ቢዘጋም፣ ላፕቶፑ ከዶሜይኑ ጋር እስካልተገናኘ ድረስ በቀድሞው የይለፍ ቃል ይከፈታል፤ በውስጡ ያሉ ፋይሎችም ይታያሉ። በመሆኑም አካውንቱን ከመዝጋት ጎን ለጎን የቪፒኤን ፈቃዱን መሰረዝና ላፕቶፑን መረከብ ያስፈልጋል። የጠፋ ወይም የተሰረቀ ላፕቶፕ እንዳይነበብ ደግሞ ዲስኩ አስቀድሞ እንደ ቢትሎከር ባለ ፕሮግራም መመስጠር አለበት።