የፉገራ ስጦታ ለገና፦ ምን ይሰጣል? ከየት ይገኛል? ለማን አይሰጥም?

ታኅሣሥ ሲጋመስ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየክላሱና በየጓደኛ ግሩፑ እጣ ማውጣት ይጀመራል። ስም በወረቀት ተጽፎ ይጠቀለላል፣ ሁሉም አንድ አንድ ያነሳል፣ የደረሰውን ስም ለማንም ሳይናገር ስጦታ ይገዛል። ያው ሲክሬት ሳንታ የምንለው ነው። ሽቶና ካልሲ የሰለቸው ግሩፕ ደግሞ "ዘንድሮ የሚያስቅ ይሁን" ይላል።

ችግሩ የሚያስቅና የሚያሳፍር ስጦታ በጣም የሚቀራረቡ መሆናቸው ነው። ለኮልፌና ለአካባቢዋ ልጆች በትንሽ ብር የሚሆኑ ሐሳቦችን ከነጥንቃቄያቸው ሰብስበናል።

መጀመሪያ ሕጉን ተስማሙ

ብሩን ወስኑ። ለምሳሌ "ከ300 ብር በላይ ማንም አያወጣም" ከተባለ ማንም አይበልጥም፣ ማንም አያፍርም። ጣሪያው በግሩፑ ውስጥ ትንሹን ደመወዝ የሚያገኘው ሰው ሳይጨነቅ የሚችለው ይሁን።

አጨዋወቱ 2 ዓይነት ነው። አንደኛው ለአንድ ሰው ታስቦ የሚገዛው የእጣ ስጦታ ነው። ሁለተኛው ንጥቂያ ነው፦ ስጦታዎቹ ታሽገው መሐል ይቀመጣሉ፣ ሁሉም ቁጥር ያነሳል፣ ተራው የደረሰው ወይ አዲስ ይከፍታል ወይ ሌላ ሰው የከፈተውን ይነጥቃል። የተነጠቀበት ሰው አዲስ ይከፍታል። "3 ጊዜ የተነጠቀ ዕቃ ከዚያ በኋላ አይነጠቅም" ብላችሁም ተስማሙ።

ቀኑንም አስቡበት። ገና ታኅሣሥ 29 ነው (በዘመነ ዮሐንስ 28)። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይቆያል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት በሚደረግ ፕሮግራም ላይ ኬክና የወተት ቸኮሌት ለጾመኛ አይሆንም። ኮልፌ ሙስሊምና ክርስቲያን በር ለበር የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ መጠጥም ይቅር።

ምን ይሰጣል?

1. ሽሮ በ"ፕሮቲን ፓውደር" ዕቃ። ጂም ለሚሠራው ልጅ። ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጋችሁ ሽሮ ሙሉበት፣ ላዩ ላይ "ፕሮቲን ፓውደር፣ የእማማ ምርት" ብላችሁ ለጥፉ። ቀልዱ ውሸትም የለበትም፣ ሽሮ የሚሠራው ከጥራጥሬ ነውና ፕሮቲን አለው። ለጾምም ይሆናል።

2. በረባሶ በውድ ጫማ ካርቶን። ስኒከር ለሚወድ ጓደኛ። በረባሶ የሚሠራው ካገለገለ የመኪና ጎማ ነው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል። ካርዱ ላይ፦ "ኦሪጅናል። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተፈትኖ ያለፈ።"

3. ኩራዝ። ስልኩ ሁሌ 2 ፐርሰንት ላይ ላለ ሰው። ከቆርቆሮ የተሠራውን እዚያው ምናለሽ ተራ ጠይቁ። ካርዱ ላይ፦ "ቻርጀር የማይፈልግ ላይት።"

4. ቢጫ ጀሪካን በሪባን። ውኃ የሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር። "ውኃ ሲመጣ ደውሉልኝ" ብላችሁ ጻፉበት። ሲስቅ ቆይቶ ማግስቱን ውኃ ይቀዳበታል።

5. የአጠና ቁራጭ። "ቤት እሠራለሁ" ለሚል ወዳጅ። ኮልፌ አጠና ተራ ጎራ በሉና አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ ለምኑ፣ ሪባን እሰሩባት። ካርዱ ላይ፦ "ግንባታው ተጀምሯል። ቀሪው በየገናው አንድ አንድ ይላካል።"

6. እስክሪብቶ በሲባጎ። የሰው እስክሪብቶ ይዞ ለሚሄድ። 1 ሜትር ሲባጎ እሰሩበት፣ አለቀ። ብር ለሌለው ሰው ምርጥ ነው።

7. ካርቶን በካርቶን። ትልቁ ካርቶን ውስጥ መካከለኛ፣ እሱ ውስጥ ትንሽ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ማስቲካ። ካርቶን ከሱቅ በነፃ ይገኛል።

8. ሎሚ። ጥምቀት ላይ ወንዱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውር ነበር። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው። ለቅርብ ጓደኛችሁ 3 ሎሚ ስጡትና "12 ቀን ቀርቶሃል፣ ልምምድ ጀምር" በሉት።

ወረቀቷን አትርሱ

በ1975 እ.ኤ.አ. ጋሪ ዳል የሚባል የካሊፎርኒያ የማስታወቂያ ሰው ተራ ድንጋይ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ አድርጎ "የቤት እንስሳ" ብሎ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው ወደ 4 ዶላር ነበር፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሰው የገዛው ድንጋዩን አልነበረም። አብሮት የመጣውን፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚሠለጥን በቁም ነገር የሚያስረዳውን መመሪያ ነው።

የእኛም ቤት ይሄ ነገር አለ። እንካ ሰላንቲያ እኮ "እንካ" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የሚሰጠው ግን ቤት የሚመታ ተረብ ነው። ስለዚህ ስጦታው ላይ ሁለት መስመር ግጥም ጨምሩ። ለአርፋጁ ርካሽ ሰዓት ከሰጣችሁት ለምሳሌ፦ "ይኸው ሰዓት ሰጠን፣ በጠዋት ተነሣ፤ 'ታክሲ አጣሁ' እያልክ ሰበብ አታንሣ።" ሰዓቱንም 30 ደቂቃ አስቀድማችሁ ሙሉት።

የማይሰጡ ነገሮች

▪ ሰውነትን የሚነካ፦ ሚዛን፣ ዲኦዶራንት፣ የጥርስ ሳሙና። "ወፍረሻል" ወይም "ትሸታለህ" ማለት ነው፣ ሰው ፊት።
▪ ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም የመጣበትን አገር የሚነካ ማንኛውም ነገር።
▪ ትዳር፣ ልጅ፣ ፍቺ። ሎሚውም ቢሆን በደንብ ለማታውቁት ሰው አይሆንም።
▪ ለሥራ ባልደረባ የውስጥ ልብስ።
▪ የውሸት ሎተሪ። ሰውዬው ለ1 ደቂቃ ያመነውን ደስታ መልሳችሁ ስትወስዱበት የሚስቀው እናንተ ብቻ ናችሁ። እውነተኛ ትኬት ግዙለት።
▪ ሳይፈቅድ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ። ክፍል ውስጥ 10 ሰው የሳቀበት ቀልድ ኮመንት ላይ ስድብ ይሆናል።

ዋናው ነጥብ

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ሩሯ በተቆለመመ ዱላ ስትመታ ጌታና ሎሌ እኩል ይጫወታሉ፣ በዚያ ቀን ሎሌው በጌታው ላይ ቢተርብም ይታለፋል። ልብ በሉ፣ "አይቆጣም" የተባለው ጌታው ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ከታች ላለው ነው።

የፉገራ ስጦታም እንደዚያ ነው። ለአለቃ "የስብሰባ ማሳጠሪያ" ብሎ ፊሽካ መስጠት ያስቃል። አለቃ ለጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ቢሰጣት ግን ቀልድ አይደለም፣ እሷም መልስ መስጠት አትችልም። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ሰው በተራው እኔ ላይ መቀለድ ይችላል? አይችልም ካላችሁ ካልሲ ግዙለት። መልካም ገና!