የቦረና ከብት ጠባይና የአቃቂ ገበያ

ከሞያሌ ተነሥቶ በያቤሎ፣ በዲላ፣ በሐዋሳና በሞጆ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ጎዳና ወደ ዋና ከተማው የሚገባው በአቃቂ በሰቃ በኩል ነው። ስለዚህ የአቃቂ የቁም ከብት ገበያ ለደቡቡ ከብት እንደ በር ሆኖ ይኖራል። በበዓላት ዋዜማ በዚያ ከሚቆሙት ሰንጎች መካከል የቦረናው በቁመናው ይለያል። ነገር ግን የዚህን ዘር ጠባይ በአቃቂ ብቻ የሚመለከት ሰው ግማሹን እንጂ ሙሉውን አያውቅም፤ ወደ ገበያ የሚወርደው በተለይ ወንዱ ነውና።

የቦረና ከብት ሻኛ ካላቸው ዘሮች ወገን ነው። አካሉ ረዥምና ደንዳና፣ ቀንዱ አጭር፣ ከአንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ ሰፊ ሲሆን፣ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይም ዳለቻ ነው። ሙቀትን ይታገሣል፤ በድርቅ የከሳው ዝናም ሲመጣ ፈጥኖ ሥጋ ይለብሳል። ሥጋ ሻጩ የሚመዝነው ይህን ነው።

ይህ ጠባይ ግን ከምድሩ ብቻ የተገኘ አይደለም። ቦረናዎች ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ዙሪያ ጽኑ ሥርዓት አቁመዋል። ሰዎች በደረጃ ቆመው፣ እየዘመሩ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ፤ የመንጋውን ተራ የሚጠብቀው አባ ሄሬጋ የሚባለው ሹም ነው። በበጋ ከብቱ ውሃ የሚያገኘው በየሦስተኛው ቀን ስለሆነ ግጦሹን ከጕድጓዱ ርቆ ይፈልጋል። ደግሞም መንጋው በሁለት ይከፈላል፤ የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች በሰፈሩ አጠገብ ሲቀሩ «ወራ» ይባላሉ፤ ወይፈኖቹና የማይታለቡት ወደ ሩቅ ሲሄዱ «ፎራ» ይባላሉ። ስለዚህ በአቃቂ የሚደነቀው የእግር ጽናትና ጥምን የመቻል ኃይል የሕግና የልማድ ሥራም ነው።

ለቦረና ሰው የመንጋው መሠረት ላሟ ናት፤ ኑሮው በወተት የቆመ ስለሆነ ኮርማውን ሲመርጥ አስቀድሞ የእናቱን ወተት ይመረምራል። ከዚሁ ዘር ውስጥም ትልቁን «ቆርቲ»፣ አነስተኛውን «አዩና» እያለ ይለያል። ነጋዴው ግዝፈትን ሲሻ፣ አርቢው ግዝፈትን ከወተትና ከመጽናት ጋር ያመዛዝናል።

ይህ ዘር ከመጥፋት የተረፈ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ዘመን፣ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የኢትዮጵያን ከብት አብዛኛውን ሲፈጅ ቦረናንም አልማረም። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከጥፋቱ በኋላ መንጋው እንደ ገና የተባዛው በተረፉት ላሞች ነው። በኋላም ከዚሁ ከብት በኬንያ የሰፈሩ ነጮች ገዝተው ለሥጋ አሻሻሉት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 የአርቢዎች ማኅበር አቆሙለት። ዘሩ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካና እስከ አውስትራልያ ደርሷል።

በትውልድ አገሩ ግን አደጋ ከብዶበታል። ሣር ማቃጠል ከተከለከለ በኋላ ቍጥቋጦው ግጦሹን ወረረ፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናሙ በተከታታይ ስለቀረ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወንዱ ሲያልቅ ላሟም ለሽያጭ ትወጣለች። የወንዱ መሸጥ ንግድ ነው፤ የላሟ መሸጥ ግን በብዙ ትውልድ የተመረጠውን ዘር መበተን ነው። በአቃቂ የቆመ ገዢ ወንዱን በሥጋው ይመዝነዋል፤ የዘሩ ዕድሜ ግን የሚለካው በቱላው አጠገብ በቀሩት ላሞች ቍጥር ነው።