ከካይሮ እስከ ባሶ ገበያ፦ ኩል የመጣበት መንገድ



ዛሬ እህቶቻችን ለዕለት ቀጭን መስመር የሚያወጣ፣ ለኒካህና ለዒድ ደግሞ ደመቅ የሚል አይላይነር ይመርጣሉ። ይህ ሁሉ ወደ ከተሞቻችን ከመግባቱ በፊት ግን እናቶቻችንና አያቶቻችን የሚያውቁት ኩልን ነበር። ኩል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፤ በታሪኩ ውስጥም የእኛ አባቶች አሉበት።

ዐረቦች ኩሕል ይሉታል። «አልኮል» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «አል-ኩሕል» ከሚለው ነው፤ መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄት ስም ነበር፣ ወደ መጠጥ የዞረው ኋላ ነው። በዲናችንም ኩል ቦታ አለው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኩል ሁሉ ኢስሚድን አብልጠዋል፤ ዓይን እንደሚያጠራና ሽፋሽፍት እንደሚያበቅልም ነግረውናል። ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳዋ 4 ወር ከ10 ቀን እንዳትኳል መከልከሏም ኩል ጌጥ እንደሆነ ያሳያል።

ወደ አገራችን እንዴት ገባ? እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በወደቡ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ኩልን ቆጥሮ «ጥሬ አንቲሞኒ» ብሎ አብራርቶታል። እንደ ጻፈው፣ ዕቃው ከካይሮ በቡና መርከቦች ጅዳ ይደርስና ከዚያ በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ምጽዋ ይሻገር ነበር።

ከምጽዋ የሚነሣውን ጭነት ሲራራ ነጋዴዎች በአድዋና በጎንደር አድርገው እስከ ጎጃም ያደርሱታል። የዚህ መንገድ ትልቁ ገበያ ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው ባሶ ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። ከአባይ ማዶ ከጉድሩ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከባሕር በኩል ጨርቅና ዶቃ ይገባል። የጁቤ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። ርስት የተነፈጉት ሙስሊም አባቶቻችን ኑሯቸውን የመሠረቱት በንግድና በሽመና ነው። አገሩ ከባሕር ማዶ ዕቃ የተገናኘው በእነሱ እግርና በበቅሎዎቻቸው ጀርባ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ፤ የኩል ስሙ አንድ ቢሆንም ውስጡ አንድ አይደለም። ኢስሚድ ብዙ ጊዜ አንቲሞኒ ከተባለው ማዕድን ጋር ይያያዛል። የጥንት ግብጻውያን ግን እርሳስ የሚወጣበትን ጋሌና የተባለ ድንጋይ እየፈጩ ይኳሉ ነበር። ሁለቱም ሲደቁ ጥቁር ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ዛሬም በየአገሩ የተመረመሩ ብዙ ኩሎች ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮና ጽንስን ይጎዳል። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ «ሱና» ወይም «ኢስሚድ» ተብሎ መጻፉ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

እህቶች! ምንጩና ይዘቱ ያልታወቀ ኩል አትግዙ፤ ለሕፃናትም አትኳሉ። መኳያና አይላይነር አትዋዋሱ፤ ክልላችን በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነውና። ውሃ የማያስገባ አይላይነር ከተጠቀማችሁ ደግሞ ውሃ ቆዳው ላይ እንዲደርስ ከውዱእ በፊት አስለቅቁት። ስስ አድርጎ በሽፋሽፍቱ ሥር ማስመር ለዕለት ይበቃል፤ ደማቁን ለደስታ ቀን አቆዩት።

ሱናውን የወደደ ሰው ገላውንም ይጠብቃል፤ ገላችን አማና ነውና። አላህ ጠቃሚውን ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።